ሰላምታው ሳያልቅ ውኃው ይቀዘቅዛል

ምክር የምትሰጥ ልጅ አትወደድም፤ አውቃለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ናትና ምን ታውቃለች የሚል አንባቢ ካለም፣ እስኪ ታሪኩን ይስማና ይፍረድ።

ዝናቡ ገና ባላባራበት ሰሞን፣ እናቴ ከአኩሪ አተር የምትሠራውን ቶፉ ለደንበኛ አድርሼ ስመለስ አባባ ሾዞን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አባባ ሾዞ ከእኛ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው የሰፈር መታጠቢያ ቤት ባለቤት ናቸው። ጃንጥላ ይዘዋል፤ ግን አልዘረጉትም።

«አባባ፣ እንዳይረጥብ ሳስተውለት ነው?» አልኳቸው።

ሌላ ቀን ቢሆን ከእኔ የባሰ ቀልድ ይመልሱልኝ ነበር። እኛ የኦሳካ ሰዎች ቀልድ አናሳድርም። ያን ቀን ግን «ኮዮሚ፣ ቦይለሩ ሊሞትብኝ ነው» ብቻ አሉ።

ከመታጠቢያ ቤቶች ማኅበር ስብሰባ መምጣታቸው ነበር። ውኃውን የሚያሞቀው ቦይለራቸው ብዙ ጊዜ ተጠግኗል፤ ጠጋኙ ራሱ «ለብርዱ ወራት አይደርስም» ብሏቸዋል። ቦይለር የሌለው መታጠቢያ ቤት ደግሞ ትልቅ ድስት ብቻ ነው። ማኅበሩ አዲስ ለማስተከል ሊረዳ ቢፈልግም፣ «ቤታችሁ በሕይወት መኖሩን አሳዩ» ብሎ ፈተና አወጣ፦ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ በየቀኑ አንድ አዲስ ጽሑፍ በድረ ገጻቸው ላይ ማውጣት። አንድ ቀን የዘለለ ከእርዳታው ወጣ።

«ታዲያ ይጻፉዋ!»

«ለሙከራ አንዱን ጻፍኩት። ሳምንት ፈጀብኝ።» ስልካቸውን ሰጡኝ።

እንዲህ ይላል፦ «ዝናቡ ሰማዩን ባጠቆረበት፣ አበቦች ጤዛ ከብዷቸው በሚያጎነብሱበት በዚህ ወቅት፣ ክቡራን ደንበኞቻችን በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ታላቅ እምነታችን ነው። ቤታችን አሮጌና ለዓይን የማይሞላ በመሆኑ ይቅርታችሁን እየለመንን...» ወደ ታች ብወርድ ብወርድ ይቅርታ ነው። መጨረሻው ላይ ይቅርታው ስለረዘመ ሌላ ይቅርታ አለ። የሚከፈትበት ሰዓት ግን የለም።

«ይሄ የመታጠቢያ ቤት ጽሑፍ ነው የለቅሶ ደብዳቤ?»

«አንቺ ምላሳም! ሰው ቤት ከነጫማሽ ትገቢያለሽ? ሰላምታ ማለት ጫማ ማውለቅ ነው።»

«እሺ፤ ሰውየው ግን ቤቱ ውኃ ተቋርጦበት ‹ክፍት ናችሁ ወይ?› ይላል። እርስዎ አበባው አጎነበሰ ይሉታል። ሰላምታው ሳያልቅ ውኃው ይቀዘቅዛል!»

እየተጨቃጨቅን መታጠቢያ ቤቱ ስንደርስ፣ ሚስታቸው እማማ ፉሳኤ ገንዘብ ከሚቀበሉበት ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ሆነው ሰሙን። «እንግዲህ ልጅቷ ትጻፍልህ፤ አንተ እያነበብክ እረም» ብለው ፈረዱ። እኔም በነጻ ልታጠብ ተስማማሁ።

መጀመሪያ ሰሞን እንደ አባባ ትእዛዝ ሁሉንም በሰላምታ ጀመርኩ። ሰማዩን ጻፍኩ፣ አበባውን ጻፍኩ፣ ዛፍ ላይ የሚጮኹትን ነፍሳት ጻፍኩ። ከዚያ አለቀ። አንባቢያችን አክስቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስለምታዝንልኝ ነው። አንድ ቀን ቸገረኝና የድሮውን ጽሑፍ አበባውን ብቻ ቀይሬ አቀረብኩ።

«ይሄ ያለፈው ማክሰኞ ነው፤» አሉ አባባ ሳይስቁ፤ «ኮፍያ አድርጎ መጣ እንጂ።»

ከዚያ የፈራነው ቀን ደረሰ። አባባ ጉልበታቸውን ሊታዩ ሐኪም ቤት ሄደዋል። ለማውጣት የቀረኝ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ራሴ ግን ባዶ። አንድ ቀን ብዘል ቦይለሩ ቀረ፣ ቤቱም ተዘጋ ማለት ነው። እማማ ፉሳኤ አጠገብ ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት በሩ ጋ መጣች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችና ተመለሰች።

«ምነው ሄደች?»

«ሕፃን ይዛ እንዴት ትታጠብ! እኔ እንደምይዝላት በምን ታውቃለች?»

«ለማን ነግረው ያውቃሉ?»

«ይሄም ይነገራል? የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። አንቺንስ ስንት ጊዜ ይዤሻለሁ፤ ሸንተሽብኝማል።»

ወዲያው ጻፍኩ፦ «ሕፃን አለዎት? ይዘው ይምጡ። እርስዎ ሲታጠቡ እማማ ፉሳኤ ይይዙልዎታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን። የቀኙ ገንዳ በጣም ያቃጥላል፤ አዲስ ከሆኑ በግራው ይጀምሩ።» ማንም ሳያርመው አወጣሁት።

አባባ ሲመለሱ አንብበው ከቀኙ ገንዳ የወጡ መሰሉ።

«ገንዳችን ያቃጥላል ብለሽ ላገር አወጅሽ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አልሰማሽም?»

«ውሸት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው! እውነት ሁሉ ይጻፋል? ሕፃን መያዝስ ምኑ ይወራል? ዕድሜ ልካችንን የሠራነው ተራ ነገር ነው። ሰው በተራ ነገር ይመጻደቃል?»

«አባባ፣ ለእርስዎ ነው ተራ። ገንዳውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ድረ ገጽ አያነቡም። የሚያነበው የማያውቀው ነው።»

«ቢሆንስ! እንዲህ በጥድፊያ? ለአንድ ገጽ ሳምንት መጨነቅ እኮ አንባቢን ማክበር ነው።»

«ገንዳውን በሳምንት አንዴ ተጨንቀው ነው የሚያጥቡት?»

«በየቀኑ ነው እንጂ! ካልሆነማ...»

«አዩ? በየቀኑ ስለሚያጥቡት ነው እጅዎ የማይስተው። ጽሑፍም እንደዚያው ነው።»

«ጽሑፉ ነገ ይጠፋል፤» ብለው ገቡ። ሽማግሌ ሲረታ በር ይዘጋል።

በማግስቱ ገና ሲከፈት ያችው ሴት ስልኳን ዘርግታ ቆማ አገኘናት። «የሚይዙት እማማ እርስዎ ነዎት?» አለች። ሕፃኑ ለእማማ ተሰጠ። ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ከወለድኩ ወዲህ ውኃ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። እፎይ አልኩ፤» አለች።

አባባ ሾዞ የጫማ መደርደሪያውን ሲወለውሉ ሁሉንም ሰምተዋል። ያንኑ ጥግ ደጋግመው ሲወለውሉ ቆዩና ወደ እኔ መጡ።

«ስለ ገንዳው ያልሽውን... ‹ያቃጥላል› ብለሽ አትተዪው። መጀመሪያ እግርን ብቻ ነከር ማድረግ ነው። እሱን ጨምሪበት።»

ሆዴ ቅቤ ጠጣ!

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው? ቤቱ ጭር የሚልበትን ሰዓት፣ መነጽር የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ጀርባውን ማጠብ ያቃተው ሽማግሌ ማንን እንደሚጠራ፣ ሁሉን እየነገሩኝ ጻፍኩ። ሰው ባነበበ ቁጥር ጠየቀ፤ በጠየቀ ቁጥር የነገው ጽሑፍ ተገኘ። አንዴ ግን ቸኩዬ በምንዘጋበት ቀን «ክፍት ነን» ብዬ አንድ ሰውዬ በሩን ሲያንኳኳ ዋለ። ስለዚህ ፍርዱን ላስተካክል፦ በየቀኑ መጻፍ የኔ፣ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ማንበብ የእሳቸው ትምህርት ነው።

አንድም ቀን ሳንዘል ጨረስን። ማኅበሩም ቃሉን ጠበቀ። አዲሱ ቦይለር የተለኮሰ ዕለት በሴቶቹ በኩል እስከ አገጬ ውኃ ውስጥ ተነክሬ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ በወንዶቹ በኩል፣ አባባ ሾዞ ሲያስተምሩ ሰማሁ። ተማሪው የማኅበሩን ፈተና በመሃል ያቋረጠው የሌላ ሰፈር ባለ መታጠቢያ ቤት፣ ኢሳኩ ነው።

«ቃል ስመርጥ ቀኑ መሸብኝ እኮ፤» ይላል ኢሳኩ።

«መጀመሪያ የምትጽፈው የተዋስከው ጌጥ ነው፤ ቶሎ ጻፈውና ይለቅልህ። የራስህ ከሱ ሥር ነው ያለው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ገጽ። ሰዓትህን ላይኛው መስመር ላይ አድርግ። ተራ ነው ብለህ የናቅከውን ደግሞ አትዝለል፤ እንግዳው የመጣው ለሱ ነው። ቤቴን ተመልከት፤ ደንበኛ ጨመረ፣ ሚስቴ ሳቀች፣ እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ራሳቸው እንደፈለሰፉት አድርገው ነው የሚናገሩት። አላጋለጥኳቸውም፤ ከኔ ዓይነት ምላሳም ይሄ ትልቅ ስጦታ ነው።

በዚህ መሃል እማማ ፉሳኤ ከመቀመጫቸው ጮኹ። በሁለት ክንዳቸው ሁለት ሕፃን ይዘዋል፤ ሦስተኛዋ እናት ልጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ሾዞ! ናና አንዱን ያዝ!»

«እኔ? እየታጠብኩ እኮ ነው!»

«በየቀኑ ‹እንይዛለን› ብለህ ስታስጽፍ አልነበር? ና!»

ውኃው ተንቦጫረቀ። አባባ ሾዞ ፎጣቸውን አገልድመው እየተንጠባጠቡ ሲወጡ፣ ከግድግዳው ወዲህም ወዲያም ሳቁ ቤቱን ሞላው።