ምዝገባዎ ተሳክቷል

ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት እናትና ላፕቶፕ ያቀፈ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«አምቦ ለምን ይሄዳሉ፣ ሃርሜ?» አላቸው ወጣቱ፣ በኦሮምኛ «እናቴ» ማለቱ ነው።

«ኮሌጁን ልለምን ነዋ! ልጄ በኢንተርኔት ተመዘገብኩ ብላኝ ነበር። ስትሄድ ስምሽ የለም አሏት።»

«ኮምፒውተሩ ምን ብሏት ነበር?»

«‹ምዝገባዎ ተሳክቷል› አለኝ ትላለች። እኔም አምኜ ቸርች ወጥቼ መሰከርኩ፤ ጉባኤው አጨበጨበ። ዋሽታ አዋረደችኝ። ይኸው ካኮረፍኳት ሰነበትኩ።»

ወጣቱ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አልዋሸችም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እና ስሟን የት አደረስከው?»

«ኔትወርክ ከተቋረጠ ዳታቤዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ መዝገብ፣ ስሙን አይዝም። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ሲሆን ‹አልተመዘገቡም፣ እንደገና ይሞክሩ› የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣ ነበር። አለቃዬ እንግዶች ፊት ቀዩ ወጣባቸውና ‹ይሄን ነገር ሁለተኛ እንዳላየው› አሉኝ።»

«አስተካከልከዋ!»

«ቀዩን አጠፋሁት። ቢይዝም ባይዝም ‹ተሳክቷል› እንዲል አደረግኩት።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እንደዚያው ነው የሚለው።»

ሴትየዋ አልተቆጡም። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ደወሉና ሰጡት።

«እንካ። ለእኔ ያልከኝን ለእሷ ንገራት።»

«ሄሎ… እህቴ፣ አታውቂኝም። እናትሽ አጠገብ ነው ያለሁት…»

የቀረውን እንዳልሰማ ሾፌሩ ምነው ቴፑን በከፈተው ብዬ ተመኘሁ።