ታሪክ የተጻፈበት ግድግዳ

እዚህ ቶሮንቶ፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ታሪክ ልማር አመልክቼ ለኢንተርቪው ተጠራሁ። አክስቴ ከምንኖርበት ሰፈር ከስካርቦሮ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ሸኘችኝ። መግቢያው ግድግዳ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈውን ተረጎምኩላት፦ «ታሪካችን ማንነታችን ነው።» እኔ እንደሆነ ታሪካቸውን ሸምድጃለሁ! ገብቼ ለጠያቂዋ ተነተንኩላት፦ ኮሌጁ መጀመሪያ የሰባኪዎች ትምህርት ቤት እንደነበር፣ ቤተ መጻሕፍቱም የድሮው ጸሎት ቤት እንደሆነ። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«አሥር ዓመት ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር! ምን ልትማር ነው?»

«ታሪክ።»

ፊቷ ቀላ። «እሱ እንኳ ዘንድሮ ተዘጋ፤ ዌብሳይቱ ገና አልተስተካከለም። ማርኬቲንግ ግን ቦታ አለ።»

ስወጣ አክስቴ ግድግዳው ሥር ትጠብቀኛለች። «እህ፣ ተቀበሉህ?»

የሆነውን ነገርኳት። ቀና ብላ ወርቁን አየችና፣ «እንግዲያው ይህን የጻፉት ማርኬቲንጎቹ ናቸዋ!» አለች።