ገለባ የተነሰነሰበት ሰሊጥ

አቶ ዳምጠው በሰባ አንድ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌባ መሰሉ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ የማኅበሩ መጋዘን ጭር ባለበት ሰዓት፣ በሩን ከውስጥ መቀርቀር ረስተው፣ ግማሽ ጆንያ ይዘው ከሰሊጡ ክምር ሥር ተንበርክከዋል። ልዩነቱ ሌባ የሰው ዕቃ ይወስዳል፤ እሳቸው ግን ይጨምሩ ነበር። ከጆንያው እፍኝ እፍኝ ገለባ እያወጡ፣ ማሽኑ አበጥሮ ባጠራው ሰሊጥ ላይ ይነሰንሱና በእጃቸው ያደባልቁታል።

«ጋሽ ዳምጠው?»

ሽማግሌው ክው አሉ። በሩ ላይ የቆመችው ኢንዓም ናት፤ የጎረቤታቸው የሻዕባን ልጅ፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የምታስተምረው። ትናንት የማኅበሩን ሒሳብ ስትሠራ ረስታው የሄደችውን ደብተር ልትወስድ ብቅ ብላ ነው።

«ይቅርታ፣ በሩ ክፍት ስለነበር ነው። ምን እየሠሩ ነው?»

አቶ ዳምጠው ውሸት ቶሎ አይመጣላቸውም። «ሥራ እየፈጠርኩ ነዋ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኘው በዚህች መንደር፣ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎችና ነባሮቹ በርታዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንድ የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር አላቸው፤ ሊቀመንበሩ አቶ ዳምጠው ናቸው። ማኅበሩ አምስት ዓመት ቆጥቦ ከሦስት ሳምንት በፊት የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን አስመጣ። አርባ ሁለት ሴቶች በሰፌድና በወንፊት ሳምንት ሙሉ የሚያጠሩትን ማሽኑ በአንድ ጠዋት ጨርሶ ቁጭ አለ። ሰው አጨበጨበ፤ አቶ ዳምጠውም አብረው አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን ዓይናቸው ጥግ ላይ ሰፌዳቸውን አቅፈው በቆሙት ሴቶች ላይ ዐረፈና ሆዳቸው ባባ።

«ነገ እነ ብዙወርቅ መጥተው ምን ይልቀሙ?» አሉ አሁን፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ። «ማሽኑ አንዲት ጉድፍ አላስተረፈም። በነጻ ልክፈላቸው? በነጻ የተሰጠ ገንዘብ ሰውን ያበላሻል ልጄ። ስለዚህ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ትንሽ ገለባ እጨምርበታለሁ። እነሱ ይለቅማሉ፣ እኔ እከፍላለሁ፣ ማንም ለማኝ አይባልም።»

ኢንዓም ሳቋ መጣ፤ ግን አቧራ የለበሰውን ጉልበታቸውን ስታይ ዋጥ አደረገችው። አንባቢም እዚህ ላይ ሊስቅ ይችል ይሆናል። ይሳቅ፤ ብቻ አንድ ወረቀት አምስት ጠረጴዛ እያዞሩ አምስት ማኅተም የሚያስመቱትን መሥሪያ ቤቶችም አብሮ ያስታውስ። ገለባ መነስነስ የአቶ ዳምጠው ብቻ ፈጠራ አይደለም።

«ጋሽ ዳምጠው፣ እኔም እኮ ገለባ ስለቅም ነበር» አለች አጠገባቸው ጆንያ ላይ እየተቀመጠች። «እንደተመረቅኩ የተቀጠርኩት ቅጽ ለመሙላት ነበር። ሁለት ዓመት ሞላሁ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ራሱ መሙላት ጀመረ። አለቃችን አዝኖልን ኮምፒዩተሩ የሞላውን በእጃችን እንድንገለብጥ አደረገን። ወላሂ፣ ከሥራ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እንዴት ይሻላል? ደመወዝ እየበላሽ!»

«ደመወዙንማ እበላ ነበር። ዕድሜዬ ነበር የሚበላው።»

በዚህ መሀል በበሩ ሌላ ጥላ ገባ። ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለችው ብዙወርቅ ናት፤ ከለቃሚዎቹ ሁሉ አንደበተ ርቱዕ የምትባለው። መጋዘኑን ክፍት አይታ ሌባ ገብቶ እንዳይሆን ብላ ነው የመጣችው። ጆንያውን አየች፣ ገለባውን አየች፣ ምንም አልገረማትም።

«ጋሼ፣ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እናውቃለን» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«ይሄ የጤፍ ገለባ ነው። ከሰሊጥ ማሳ ውስጥ የጤፍ ገለባ ከየት ይመጣል?»

ሽማግሌው እጃቸውን አዩ። እውነትም ለበሬዎቻቸው ካስቀመጡት መኖ ነበር በጥድፊያ ዘግነው ያመጡት። አርባ ዓመት ያረሰ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት መሥራቱ ፊታቸውን አቀላው።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«እንዳያፍሩ ብለን። እርስዎ እኛ እንዳናፍር ይነሰንሳሉ፤ እኛ እርስዎ እንዳያፍሩ እንለቅማለን። ብቻ ወገባችን አለቀ፣ ጋሼ። ባለፈው ረቡዕ ልጄ ትኩሳት ይዟት ጤና ጣቢያ ሳልወስዳት ሁለት ቀን አደረች። ምን ስሠራ? የእርስዎን በሬዎች መኖ ስለቅም።»

ይህ ቃል አቶ ዳምጠውን ከዱላ በላይ አመማቸው። ቀና ብለው ብዙወርቅን ማየት አልቻሉም። ኢንዓም ግን ጊዜው እንደ ደረሰ ገባት፤ ደብተሯን ገልጣ፣ እጇን እያወናጨፈች መናገር ጀመረች፤ ስትደሰት ቃላቷ ይሽቀዳደማሉ።

«የማሽኑ ትርፍ አለ፤ ሰሊጡ ስለጠራ ዋጋው ጨምሯል። ከኩርሙክ በኩል ያሉ አምራቾችም ከፍለው ሊያስበጥሩ ተመዝግበዋል። ይህን ትርፍ በየወሩ ለመንደሩ አዋቂ ሁሉ እኩል እናካፍለው። የሠራም ያልሠራም፣ ወንድም ሴትም፣ ሀብታምም ድሃም። በዓለም ላይ ይህ ነገር መሠረታዊ ገቢ እየተባለ ብዙ ያከራክራል፤ ማሽን የሰውን ሥራ ሲወስድ፣ ማሽኑ ካመጣው ሀብት ሰው ሁሉ የዕለት ጉርሱን ያግኝ ነው ሐሳቡ።»

«ለእኔም?» አሉ አቶ ዳምጠው። «ሁለት ቆርቆሮ ቤት ላለኝ?»

«ለእርስዎም።»

«ይሄማ ግፍ ነው። ለተቸገረ ብቻ መስጠት ሲቻል!»

«መልካም። የተቸገረውን ማን ይለያል?»

አቶ ዳምጠው እጃቸው ላይ የቀረውን ገለባ አራገፉ።

«ኮሚቴ ይቋቋማል» አለች ኢንዓም። «ሰብሳቢው ማን ይሆናል? እርስዎ። መንደሩ ሁሉ ደጅዎ ይሰለፋል። እገሌ ፍየል አላት ይሰረዝ፣ እገሌ ጉልበት አለው ይሰረዝ። ሰው ከድህነት ለመውጣት መሞከሩን ትቶ ድሃ መምሰል ይለማመዳል። ሁሉም እኩል ካገኘ ግን የሚለይም የሚሰረዝም የለም።»

«ይሰረዝ» የምትለው ቃል አቶ ዳምጠው ውስጥ አርባ ዓመት የተዳፈነ ነገር ነካች። በዚያ በሰፈራው የመጀመሪያ ዓመት፣ ማንበብና መጻፍ ስለሚችሉ የእርዳታ ስንዴ ዝርዝር የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ስንዴው ሲያንስ ጉልበት ያለው ይሰረዝ ተባለ። ባሏ በመንገድ ላይ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች፤ ክንዷ ጠንካራ ነበርና ስሟን በገዛ እጃቸው ሰረዙት። ጀርባዋ ላይ የታዘለችውን ሕፃን አላዩም፤ ወይም ማየት አልፈለጉም። ሦስት ሳምንት ቅጠል ቀቅላ በላች። ያተረፋት የሻዕባን እናት የማሽላ ገንፎ ነው። ሴትዮዋ ዘነቡ ትባላለች፤ ሕፃኗ ደግሞ ይህች ጀሪካን ይዛ የቆመችው ብዙወርቅ።

«እኔ ገለባ የነሰነስኩት» አሉ አቶ ዳምጠው፣ ድምፃቸው እየሻከረ፣ «ሰው ላለመሰረዝ ነበር። ዳግመኛ ላለመሰረዝ።»

ብዙወርቅ ታሪኩን ከእናቷ ሰምታዋለች። «አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለችና ጀሪካኗን አስቀምጣ ከተንበረከኩበት ደግፋ አነሣቻቸው።

«ግን ሰው ይሰንፋል» አሉ እንደ ቆሙ፤ ለመሸነፍ ትንሽ ቀርቷቸዋል፣ እሳቸውም ያውቁታል።

«ያን ስንዴ ዓመት ተኩል በላችሁ» አለች ኢንዓም። «አባቴ ሲነግረኝ ከንጋት ጀምሮ ስትቆፍሩ ነበር የምትውሉት። ስንዴው አሰነፋችሁ?»

«ማሰነፍ? ስንዴው ባይኖር በምን አቅም እንቆፍር ነበር!» ብለው ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ምን እንዳሉ ገባቸው። ያኔ ሦስቱም ሳቁ። አቶ ዳምጠው የገለባውን ጆንያ አንሥተው በሩ ላይ ሲያደርሱ ጉልበታቸውንም ረሱት።

ማክሰኞ ጠቅላላ ጉባኤው ከመጋዘኑ ጎን ባለው የማንጎ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። አቶ ዳምጠው አስቀድመው የገለባውን ነገር ራሳቸው ተናዘዙ፤ ጉባኤው እንባው እስኪፈስ ሳቀባቸው። ሳቁ ሲበርድ ሐሳቡን አቀረቡ። ከሁሉ ብዙ ሰሊጥ የሚያስገባው፣ ከብትም የሚያረባው ገመቺስ እስከ ባምባሲ ድረስ የሚሰማ ድምፅ አለው፤ ተነሣ።

«ሊቀመንበር፣ ብዙ ያስገባ ብዙ ይውሰድ እንጂ! ሰሊጥ ያልዘራ ሰው ከየት አምጥቶ ይካፈላል?»

«የሰሊጥህን ዋጋ በኩንታልህ ልክ ትወስዳለህ፤ ማንም አይነካብህም» አሉ አቶ ዳምጠው። «የምንካፈለው ማሽኑ ያመጣውን ነው። ማሽኑን በምን ገዛነው? በቆጠብነው። የቆጠብነው ከየት መጣ? ሰሊጣችን ንጹሕ ነው ተብሎ ደህና ዋጋ ስላወጣ። ማን አጠራው? አንተ ጎንበስ ብለህ ለቅመህ ታውቃለህ፣ ገመቺስ?»

አርባ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ እልል አሉ። ገመቺስ አንገቱን አከከ። «እሺ፣ ነገ ሁሉም ተኝቶ ቢውልስ?»

ኢንዓም ልትመልስ ስትነሣ አባቷ ሻዕባን በእጁ አስቀመጣት። ሻዕባን አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ብዙም አይናገርም።

«እኛ ጋ» አለ፣ «ማሳ አብሮ ይቆፈራል። ገንፎ ሲመጣ፣ አንተ ስንት ቆፈረ፣ እሷ ስንት ቆፈረ፣ አይባልም። ሽማግሌም ይበላል፣ የታመመም ይበላል። ነገ ደግሞ ሁሉ ይመጣል። ለምን? የበላ ሰው እግር አለው።»

ገመቺስ ሳይወድ ሳቀ። ሆኖም ኢንዓም ዝም ብላ አልቀረችም፤ ነገሩ ከመንደሩ በላይ መሆኑን አስረዳች። «ዛሬ ለቃሚዎቹ ናቸው። ነገ ኮምባይነር ይመጣና አጫጆቹን ያስቀምጣል፤ ከነገ ወዲያ የእኔ የመምህርቷ ተራ ይደርሳል። ማሽኑን ከበር መመለስ አንችልም፤ መመለስም አይገባንም፤ ወገብ ያሳርፋል። ግን ትርፉ ጥቂት ኪስ ውስጥ ብቻ ከገባ፣ ሌላው ሰው በምን ይኑር? ጋሽ ገመቺስስ ከብቶችዎን ለማን ይሸጣሉ? እኛ የምናካፍለው ትንሽ ነው፤ የቤት ወጪን ሁሉ አይሸፍንም። አገር ሲያደርገው ነው ሙሉ የሚሆነው። እስከዚያ ግን አንዲት መንደር ጀምራ ታሳይ።»

እጅ ወጣ። የገመቺስ እጅ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር፤ ግን ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሆነ። ብዙወርቅ ከሰባት ጓደኞቿ ጋር ማንጎ እያደረቀች አሶሳ ትልካለች፤ ድሮ ማንጎው ሜዳ ላይ ይበሰብስ ነበር። ልጇን ሲያማት በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ለትንሽ ብር ሲሉ ትምህርት አቋርጠው የነበሩ አሥራ አንድ ልጆች ተመልሰዋል። ሁለት ለቃሚዎች የማሽኑን አሠራር ተምረው አሁን የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። ጅረኛ የሚባለው ጎረቤት ድርሻውን ይጠጣበታል፤ ድሮም ይጠጣ ነበር፤ አሁን ቢያንስ የሚስቱን ድርሻ አይነካም፤ በገዛ እጇ ትቀበላለችና። ተኝቶ የዋለ ግን አልታየም። ይልቁንም ደጅ ለደጅ ሥራ የሚለምነው ሰው ቀንሶ፣ ሥራ የሚያማርጠው በዝቷል። ገመቺስ ይህን አይወደውም፤ ለአጫጆቹ ትንሽ መጨመር ነበረበት።

አቶ ዳምጠው ስለዚህ ሁሉ ሲጠየቁ አስቀድመው የሚያወሩት ግን የመጀመሪያውን የማካፈያ ቀን ነው። ጠረጴዛው ማንጎው ሥር ተዘርግቶ፣ እሳቸው እንደ ሊቀመንበር ተቀምጠው፣ ሰዉ ተሰልፎ ነበር። የዘነቡ ተራ ደረሰ፤ በከዘራ እየተደገፈች ቀረበች። ያ ጠንካራ ክንድ ከስቷል። ጠረጴዛው ፊት ቆማ ወረቀቱን ሳይሆን እሳቸውን አየች።

«ዳምጠው፣ ስሜ አለ?»

እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ። አርባ ዓመት ሙሉ ይቅርታ የሚሉበትን ቃል ሲፈልጉ ኖረው አላገኙትም ነበር። ወረቀቱን አዙረው ሰጧት፤ ማንበብ እንደማትችል ቢያውቁም ሰጧት።

«የሁሉም ሰው ስም አለ፣ ዘነቡ» አሉ። «መሰረዣውን ትተነዋል።»

ዘነቡ ድርሻዋን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረች። ከዚያ ከዘራዋን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ጎንበስ ብላ የወደቀውን እስክሪብቶ አነሣችና በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«በል ጻፍ» አለች። «ከኋላዬ ሰው ቆሟል።»