ከጉም የወጣው ፈረስ

ጣሊያን ውስጥ፣ በአንድ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ሴሚስተር ልማር ሄጄ ነው። ብቸኝነቱ ሲበዛብኝ ወደ አገሬ፣ ወደ እንጅባራ ለመመለስ ቆረጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ እንደ አገሬ የዘንገና ሐይቅ ሁሉ ከተማውን ጉም ውጦታል። ከጉሙ ውስጥ የቱሪስት ጋሪ ብቅ ብሎ አጠገቤ ቆመ። ሳላስበው የፈረሱን አንገት እያሻሸሁ በአፍ መፍቻዬ በአዊኛ አናገርኩት። ጆሮውን ቀሰረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለው። እንባዬ መጣ።

ባለጋሪው ሽማግሌ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ "ምን ብለሽው ነው?" አሉኝ።

"እንዴት አደርክ ነው ያልኩት። አባቴ ፈረሰኛ ናቸው።"

"እንግዲያውስ በየጠዋቱ እየመጣሽ ሰላም በይው" አሉኝ።

ለአባቴ ደውዬ ልመለስ መቁረጤንም ስለ ፈረሱም ነገርኳቸው። የመመለሴን ነገር ትተው፣ "የፈረሱ ቀለም ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እንደ እርስዎ ፈረስ ዳማ ነው፣ አባዬ።"

"በይ፣ ሰው አግኝተሻል፤ አርፈሽ ተማሪ" አሉኝ።

እኔም ቀረሁ።