የተዋጠው ጭራ

ዳቦ ጋጋሪው ሰው ሁሉ እያየው የአይጥ ጭራ ዋጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ጡረተኛዋ መምህርት የገዛችውን ዳቦ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆርሳ ከውስጡ አንድ ቀጭን ጥቁር ነገር ጎተተችና ለተሰለፈው ሕዝብ ከፍ አድርጋ አሳየች። ዳቦ ጋጋሪው ከባንኮኒው ጀርባ ዘሎ ወጥቶ፣ “የጆንያ ክር ነው! ክር አይታችሁ አታውቁም?” አለና ነጥቆ ወደ አፉ ወረወረው። ምላሱ ላይ ሲያርፍ ክር አለመሆኑን እሱም አወቀ። ግን በሰው ፊት የጎረሱትን መትፋት ጥፋትን ማመን ነውና ዋጠው። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ አጎራረሱን ደጋግሞ አየ።

ከሰዓት በኋላ የእህቱ ልጅ ወሬውን ሳትሰማ ዳቦ ልትገዛ ጎራ አለች። በኅብረተሰብ ጤና በቅርቡ የተመረቀች፣ ዙሪያ ጥምጥም የማትወድ ልጅ ናት። መደርደሪያው እንደሞላ፣ አጎቷ ሆዱን ይዞ ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

“ጋሼ፣ ምነው ሰው የለም?”

“ሰውማ ሞልቷል፤ እቤቱ ቁጭ ብሎ እኔን እያየ ይስቃል።” የሆነውን ነገራት።

አልሳቀችም። “አኝከውታል ወይስ እንዳለ ዋጡት?”

“ምን ልዩነት አለው?”

“ሐኪም ይጠይቅዎታል።”

“ሐኪም ጋ አልሄድም! እሱም ቪዲዮውን አይቶታል።”

“እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎ ጋሼ፤ ይህ ቅሌት ይጠቅማል።”

ዳቦ ጋጋሪው እሳት እንደነካው ብድግ አለ። “ማንን? አይጡን?”

“ዳቦውን የሚበላውን ሰው። አይጥ መኖሩ ታወቀ፤ የታወቀ ነገር መላ ይፈለግለታል።”

“ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማረሽም ማለት ነው። የሰው ገመና ይሸፈናል እንጂ አደባባይ አይሰጣም! ሰው ሊማር መሰለሽ የሚያየው? ሊስቅ ነው። ነገ ደግሞ በሌላው ይስቃል። እኔ ግን እስክሞት ‘ጭራው’ እንደተባልኩ ነው። ሊጥ የሚያቦኩልኝ ሁለት ሴቶችስ ምን በደሉ? ሥራ ሊፈቱ አይደል?”

የሴቶቹ ነገር እውነት መሆኑን ልጅቱም አልካደችም።

“ልክ ነዎት። ሰውየው ተሰድቦ የአይጡ ቀዳዳ ካልተደፈነ፣ ቅሌት ባዶ ጫጫታ ነው። ግን ጫጫታ ከሌለስ ማን ይደፍነዋል? የዱቄቱን መጋዘን መቼ አዩት?”

“መጋዘኑ የአራት ዳቦ ቤት የጋራ ነው፤ የጋራ ነገር ማን ያየዋል? ደግሞስ ‘ዝም አይነቅዝም’ ሲባል አልሰማሽም?”

“ዝም ባይነቅዝም ዱቄቱ ይነቅዛል፣ ጋሼ።”

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና የማዶው ዳቦ ቤት ባለቤት ፊቱ በርቶ ገባ። ጋጋሪውን ትከሻውን እየደጋገመ ሳመው።

“አንተ ጀግና! ሙያችንን አዳንከው! ያንን ብትተፋው ኖሮ ሁላችንም አልቆልን ነበር።”

“ሁላችንም?”

“አይጡ ከጋራው መጋዘን አይደል የሚመጣው? ባለፈው እኔም ሊጥ ውስጥ አንዱን ከነጆሮው አግኝቼ በጓሮ ቀበርኩት። ቃል አልወጣኝም፤ ገመና ነዋ!”

ዳቦ ጋጋሪው መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ቀላ። “ታውቅ ነበር?”

“ታዲያ ለማን ልናገር?”

“ለእኔ! ያኔ ብትናገር ተሰብስበን በሰደብንህ፣ ስንጨርስ ደግሞ ግድግዳውን በደፈንን፣ እኔም ጠዋት የቀመስኩትን ባልቀመስኩ! ያንተን ገመና ነው እንዴ የዋጥኩት?”

የእህቱ ልጅ ጣልቃ ለመግባት አልዘገየችም። “አሁንም አልረፈደም። ለደንበኞችዎ ይንገሯቸው። ሰው ካወቀ አራታችሁም ትገደዳላችሁ፤ ግድግዳው ይደፈናል፣ ጆንያው ከመሬት ተነሥቶ ጣውላ ላይ ይደረደራል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል። መምህርቷ ዳቦዋን ሳትመረምር ትበላለች፤ ሴቶቹም ሥራቸው ላይ ይቆያሉ።”

“አትስማት!” አለ የማዶው። “ስምህስ?”

“ስሜንማ አይጥ በላው። ዱቄቱን እንኳ ላትርፍ።” ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን ፈትቶ ባንኮኒው ላይ ጣለ። “ደንበኞቼ አሁን የት ናቸው?”

“እኔ ጋ ተሰልፈዋል፣ የት ይሄዳሉ?” አለ የማዶው ሳያስበው፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

“ደግ። አንድ ላይ አገኛቸዋለሁ።”

“ወንድሜ፣ ቆይ! እንመካከር! ሰውዬ!”

ዳቦ ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠርጎ ወጣ፤ በሩንም ተከትሎት በሚሮጠው ሰው አፍንጫ ላይ ዘጋው።