ኖሪስ በአራት ቀን የቆረጣት ሎኮሞቲቭ

እሺ፣ እሺ፣ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። እዚያ ጥግ ያላችሁ ተቀመጡ፣ በሥጋ የተጋገረው ፓይ አያልቅባችሁም። አለቃችን ሚስተር ታክሬይ "ግሌኒስ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ" ብለውኛል። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ክሬን ላይ ብቻዬን ተቀምጬ የሚያናግረኝ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ቢራችሁን ቆጠብ እያደረጋችሁ ጠጡ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው ኖሪስ ኦክሮይድ እዚህ የአሮጌ ብረት መቆራረጫ ግቢ ሥራ የጀመረ ቀን እኔ አልነበርኩም። ታሪኩን ግን ከአራት ሰው ሰምቻለሁ። አራቱም አንድ ዓይነት ስለነገሩኝ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ሰኞ ጠዋት ነው። ሚስተር ታክሬይ "በሩ አጠገብ ያለውን ቆራርጠው፣ ስመለስ አልቆ ላግኘው" ብለውት ወደ ሮዘርሃም ከተማ ይሄዳሉ። በሩ አጠገብ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ የዛገ የከሰል ፉርጎ ነው። ሌላው ሚስተር ታክሬይ አርብ ዕለት ያስመጡት አዲስ ተጎታች ነው። ሲመለሱ ተጎታቹ አራት ቦታ ተከፍሎ፣ በመጠን በመጠኑ ተደርድሮ ጠበቃቸው።

"ምንድን ነው ያደረግኸው፣ አንተ ሰው?"

"በሩ አጠገብ ያለውን ቆረጥኩ።"

"ፉርጎውን ነው እኮ ያልኩህ!"

"ፉርጎው ከበሩ ስምንት እርምጃ ይርቃል። ተጎታቹ አምስት ነው። ለክቼዋለሁ።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሥራውን አየት አደረገና "ቁርጡ ግን ቀጥ ብሏል" አለ ይባላል። ሚስተር ታክሬይ፣ አይሳቁ፣ ያላባረሩት በዚህች ነው። ቁርጡ እውነትም በክር የተሰመረ ይመስል ነበር። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው።

ጠባዩን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ምሳው አይብና ሽንኩርት በዳቦ ነው። አንድ ቀን ሚስቱ የአሳማ ሥጋ አድርጋለት ነበር፤ ከፍቶ አየው፣ መልሶ ጠቀለለው፣ "የሰው ምሳ ይዤ መጥቻለሁ" ብሎ ጾሙን ዋለ። ከሄልሜቱ ሥር ያቺን ሹራብ ኮፍያ በሐምሌ ሙቀትም አያወልቃትም። ደግሞ ያ ወንበሩ! ከተቆራረጠ የመንገደኛ ፉርጎ ያወጣውን ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀምጦታል። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ "ምነው ግድግዳ ያያል?" ብሎ ይጠይቀኛል። ግድግዳ ወዶ አልነበረም። ድልድዩን ላለማየት ነው።

እንግዶች ስላሉ ላስረዳ። ከግቢያችን በላይ የእግረኛ ድልድይ አለ። ባቡር ሲጎትት የኖረ አሮጌ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ለመቆረጥ በገባ ቁጥር ድልድዩ በሰው ይሞላል። ዝናብ አይበትናቸውም። ፔርሙዝ፣ ካሜራ፣ ጃንጥላ፣ ቁጥር የሚጽፉበት ደብተር ይዘው ይቆማሉ። እነዚህ ሰዎች ሎኮሞቲቭን በድምፅ ይለያሉ። ዓይናቸውን ሸፍነህ ብታቆማቸው ከሁለት ማይል የምትመጣውን "ይቺማ እገሊት ናት፣ ክረምት ላይ ሞተሯ ተጠግኗል" ይሉሃል። እኔ ለራሴ ልዩነቱ አይታየኝም፤ ለእኔ ሁሉም ቶን ነው። እነሱ "እሷ" ይሏታል። ኖሪስ "ዕቃው" ይል ነበር። እሱን ደግሞ "አራጁ" ይሉት ነበር። ከድልድዩ ላይ ጮክ ብለው፣ እንዲሰማ አድርገው።

"ብረት ነው እኮ!" ይለኛል ምሳ ላይ። "ሰው የሞተ ይመስል! ለእናቴ ቀብር እንኳ ይህን ያህል ሰው አልቆመም።"

ከነዚያ አንዱ ዛሬ እዚህ አለ። ራልፍ ፔንደር፣ አትደበቅ፣ እጅህን አውጣ። ራልፍ በጡረታ ላይ ያለ ፖስተኛ ነው። ያ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት ከድልድዩ ጋር አብሮ የተሠራ ነበር የሚመስለኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በጥቅምት፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች አንዲት ሎኮሞቲቭ ገባችልን። ሰውነቷ አልቋል፤ ጎኗን በአውራ ጣት ብትጫነው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። የራልፍ የባቡር ወዳጆች ማኅበር ደግሞ ወደ ኮረብታው በምትሄደው ትንሽ መስመር ላይ እህቷን፣ የዚያው ዓይነት ሎኮሞቲቭ፣ ይዟል። የእህትየው ሰውነት ደኅና ነው፤ የሞተሯ ዘንግ ግን ተሰንጥቆ ሁለት ዓመት ቆማለች። የእኛዋ ሞተር ጤነኛ ነበር። ከዚያ ዓይነት የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው ብለው ነግረውኛል። ሌላ ሞተር ከየትም አይመጣም።

ረቡዕ ጠዋት ራልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድልድዩ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። ኖሪስ የጋዝ መቁረጫውን ይዞ ሲያልፍ ጠራው። እኔ ሻይ ልቀዳ ስለነበር አጠገባቸው ነበርኩ።

"ሚስተር ኦክሮይድ፣ ፔንደር እባላለሁ።"

"አውቅሃለሁ። ድልድዩ ላይ ነህ።"

"አንድ ነገር ልለምንህ ነበር።"

"አትቁረጠው ልትለኝ ከሆነ በከንቱ አትድከም።"

"ቁረጣት ልልህ ነው።"

ኖሪስ ቆመ። ራልፍ አስረዳው፤ ሞተሩ ሳይሰነጠቅ፣ እሳት ሳይነካው፣ ሳይወድቅ ሙሉውን መውጣት አለበት። ጣራውና ጎኑ በዙሪያው መከፈት አለበት። እኛ ጋ አንድ ሎኮሞቲቭ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በጋዝ ትበጣጥሳለህ፣ በክሬን ትቦጭቃለህ፣ አለቀ።

"ምኑን ነው እንዲህ የምትወዱት?" አለው ኖሪስ። የጠየቀው ለማሾፍ አልነበረም።

"አባቴ የእንፋሎት ባቡር ሰው ነበር" አለ ራልፍ። "እነዚህ የናፍጣዎቹ ሲመጡ ሐዲዱ ላይ ይተፋባቸው ነበር፤ የእንፋሎቷ ነፍሰ ገዳዮች ይላቸው ነበር። እኔ ደግሞ እነሱ ላይ ነው ያደግሁት። ሥራ የገባሁት በነሱ፣ ሚስቴን ያገባሁ ቀን ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ስካርብራ የሄድነው በነሱ ነው። የዛሬዎቹ ባቡሮች እንደ ፍሪጅ ናቸው፣ እዝዝ ይላሉ። እነዚህ ሲነሡ ደረትህ ውስጥ ነው የሚሰሙህ።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ "ወደ ስካርብራ የወሰደችንን አንተ ነህ የቆረጥሃት። መጋቢት ነበር፤ በረዶ ይጥላል። እዚህ የመጀመሪያዋ ሎኮሞቲቭህ እሷ ነበረች።"

"ቁጥሩን አላስታውስም" አለ ኖሪስ።

ራልፍ ቁጥሯን ነገረው። ኖሪስ ጓንቱን ፍለጋ ሄደ። ጓንቱ እጁ ላይ ነበር።

አራት ቀን ፈጀ። ሚስተር ታክሬይ፣ በየቀኑ ምን ሲሉት እንደነበር ይረሱታል? "ኖሪስ! እንቁላል ነው እንዴ የምትልጠው?" እሱ ወይ ፍንክች! ሞተሩን በእርጥብ ብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ በየሩብ ሰዓቱ በባልዲ ውሃ እያፈሰሰበት፣ ጣራውን እንደ ልብስ ሰፊ ስፌት በስፌት ይተረትረዋል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሙሉ የቆረጠው ክንዴን አያክልም። ድልድዩ ላይ ሰዎቹ ቆመዋል፤ በዚያ ሳምንት ግን ካሜራ ያነሣ አላየሁም። "አራጁ" ያለም የለም።

በአራተኛው ቀን ማንሣት ሆነ። ነፋስ ነበር። ሰንሰለቱን አሰረ፣ እጁን ከፍ አደረገልኝ፣ ሳብኩ። ሞተሩ በአንድ ጎኑ ተነሣ፣ በሌላው ግን ያዘ። ክሬኑ አቃሰተ። ኖሪስ ጡጫውን ጨበጠልኝ፤ "ቁሚ" ማለት ነው። ቆምኩ። ሥር ያልተቆረጠ አንድ ቡሎን ቀርቶ ነበር። ባወርደው ዘንጉ ሊጣመም ነው፤ ብጎትተው ሰንሰለቱ ሊበጠስ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ሎኮሞቲቮች ሞቱ ማለት ነው። ኖሪስ መቁረጫውን ይዞ በሆዱ ተሳበና ከሥሩ ገባ። ክልክል ነው፤ አዎ፣ ክልክል ነው፤ ጋዜጠኛ እንደሌለ አረጋግጫለሁ። ሚስተር ታክሬይ የቢሯቸው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ፊታቸው ወረቀት መሰለ። እኔ ሁለት እጄን ማንሻው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሦስት ደቂቃ ነው ይላሉ። እኔ አልቆጠርኩም።

ከዚያ እግሩ ታየ፣ ቀጥሎ ራሱ። ጣቱን ወደ ላይ አዞረልኝ፤ "ሳቢ" ማለት ነው። ሞተሩ እንደ ቡሽ ወጣ።

መኪና ላይ ሲጫን ራልፍ ሊያመሰግነው ሲጠጋ፣ ኖሪስ እጁን በቱታው እየጠረገ "ነገ ቀሪውን እቆርጠዋለሁ" አለው። "አትምጡ።" በማግስቱ ድልድዩ ላይ አንድም ሰው አልነበረም።

በተከታዩ ሰኔ ከራልፍ ፖስታ መጣለት፤ እህትየው ተነሥታለች፣ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ተጋብዘሃል። ሠላሳ ምናምን ሎኮሞቲቭ የቆረጠ ሰው በአንዷ እንኳ ተጎትቶ ሄዶ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ አውቶቡስ ነው። አልሄድም አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሄደ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ያቺን ሹራብ ኮፍያ እንኳ አውልቆ። የቀረውን ራልፍ ነው የነገረኝ። ጣቢያው ላይ አንዱ አየውና "ይሄ አራጁ አይደለም እንዴ?" አለ። ኖሪስ ወደ መውጫው ዞሮ ነበር። አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ከመጀመሪያው ፉርጎ የመጀመሪያ መስኮት ላይ ሆነው "ይምጡ፣ እዚህ ይቁሙ" አሉት። ያቺ መስኮት ሞተሩ ከሁሉ በላይ የሚሰማባት ናት። ሴትዮዋ ቦታዋን ለመያዝ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው ነበር። ኖሪስ መስኮቷን ከፍቶ ራሱን አወጣ፤ መስመሩ እስኪያልቅ አላስገባውም።

ሰኞ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጆሮው ውስጥ ጥላሸት ይዞ መጣ። "እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ጮኸች" አለ።

ጮኸ አላለም። ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ሎኮሞቲቭ ሊገባልን ሲል ራሱ ስልክ አንሥቶ "ራልፍ፣ ሐሙስ አንዲት ትመጣለች፤ ምኗን ትፈልጋላችሁ?" ይላል። በር፣ መስኮት፣ የዘይት ቧንቧ፣ ያሉትን ሁሉ በንጹሕ ቆርጦ ያስቀምጥላቸዋል። ሚስተር ታክሬይም እንቁላል መላጥ የሚለውን ነገር ትተዋል።

አሁን ኖሪስ፣ ወደ አንተ ልዙር። ወደ ጠረጴዛው አትይ፣ ወደ እኔ እይ።

እኔ እዚህ የተቀጠርኩ ጊዜ የግቢው ወንዶች ሴት ካነሣችው ዕቃ ሥር አንሠራም ብለው ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁለቱ እዚህ ናቸው፣ ፓይ እየበሉ። አንተ ግን ገብተህ ሥራህን ጀመርክ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከራስህ በላይ ስንት ሺህ ቶን እንዳሳለፍኩ እንጃ፤ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለህ፣ ደኅና ይዛዋለች ወይ ብለህ ስታይ አይቼህ አላውቅም። ሌሎቹ ያያሉ። አንተ አታይም። ከላይ ሆኜ ሁልጊዜ የማየው የሄልሜትህን አናት ብቻ ነው። ያንን ነገር አመስግኜህ አላውቅም። ዛሬ አመሰግንሃለሁ።

በሉ ተነሡ፤ ብርጭቆ የሌለው ይቅዳ። ራልፍ፣ ያንተ ሻይ ነው፣ እሱም ይሆናል። ኖሪስ ኦክሮይድ፣ ጉልበትህ አይክዳህ፣ ጆሮህ አይድከም፣ ሚስትህ ቤት በመዋልህ አትሰልች። ከነገ ጀምሮ ከራስህ በላይ ሰማይ እንጂ ሌላ ነገር አይንጠልጠል።

ለኖሪስ!