«ተስማምተናል» ከሚለው ሰሌዳ ላይ ስለጠፉት ሦስት ፊደላት የተሰጠ ቃል

የቃል ሰጪው መጠሪያ፦ አባባ ቀለሜ (የመታወቂያ ስማቸው በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 78 (ባለቤታቸው 79 ነው ይላሉ)
ሥራ፦ ቀድሞ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ፣ አሁን አያት
አድራሻ፦ ከቦዩ ማዶ፣ የቤት ቁጥር 212
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ሰኔ 14፣ ከቀኑ 8፡20
የተጠረጠሩበት ጉዳይ፦ የመንግሥት ማስታወቂያ ሰሌዳ ማበላሸት

ቃሌን የመስጠትም ሆነ ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ሃምሳ አለቃው ነግሮኛል። ዝም የማለቱን መብት ለመቃብሬ አስቀምጬ ቃሌን እንደሚከተለው እሰጣለሁ።

ድርጊቱን ፈጽመዋል ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አዎ ፈጽሜያለሁ። ማን አዘዘዎት ለተባልኩት፣ ማንም አላዘዘኝም። ምን ነካዎት ለተባልኩት ግን መልሱ ረዘም ስለሚል ሃምሳ አለቃው ተጨማሪ ወረቀት እንዲያመጣ ጠይቄ አምጥቷል።

እሑድ ሚያዝያ 22 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሰፈራችን ነዋሪ በስብሰባ አዳራሽ ተጠርቶ፣ ለሰፈሩ በተመደበው በጀት ምን እንደሚሠራ ራሳችሁ ምረጡ ተባልን። በዚህ ዕድሜዬ መንግሥት ምን ልሥራላችሁ ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ጢሜን ተላጭቼ ሄድኩ። ሦስት ባልዲ ተደርድሯል። በአንዱ ላይ በቦዩ የሚሠራ የእግረኛ ድልድይ፣ በአንዱ ላይ የመንገድ መብራት፣ በአንዱ ላይ ደግሞ በሰፈሩ መግቢያ የሚቆም ትልቅ የቅስት በር የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ባቄላ ታደለንና በመረጥነው ባልዲ ውስጥ ጣልን። በሁላችን ፊት ሲቆጠር ለድልድዩ 214፣ ለመብራቱ 61፣ ለበሩ 9 ባቄላ ተገኘ። ከዘጠኙ ሰባቱን የጣሉት ስብሰባውን የጠራው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። የቀሩትን ሁለቱን አላውቅም፤ መነጽራቸውን ረስተው የመጡ ሰዎች ይሆናሉ።

ድልድዩን የመረጥነው ለጌጥ አይደለም። ቦዩ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ይጠልቃል። የምንሻገረው ጎን ለጎን በተጋደሙ ሁለት ያረጁ የመብራት ምሰሶዎች ላይ ነው። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ስትሆን የእግሯ ቁስል ሰኞና ሐሙስ በጤና ጣቢያ ይታጠብላታል። በምሰሶው ላይ መራመድ ስለማትችል ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ጎረቤቴ አናጢው ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን እናሻግራታለን። ዝናብ የጣለ ቀን ምሰሶው ስለሚያሙለጨልጭ እንቀራለን። ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ቀርተናል። ነርሷ ክረምቱን እንዲህ ካቆራረጠች እግሯ ይቆረጣል ብላናለች።

ቆጠራው እንዳለቀ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተነስቶ፣ ባቄላው የነዋሪውን ስሜት ለማወቅ ያህል መሆኑን፣ በጀቱ ግን አስቀድሞ በወጣው ዕቅድ መሠረት ለበሩ እንደሚውል ገለጸ። ቀጥሎም «ሰምታችኋል?» አለን። ከአዳራሹም «ሰምተናል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔም ብያለሁ፤ መስማቱን ሰምተናልና። በዚያ ሰዓት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዧም በመዝገቡ ላይ «ተስማምተናል» ብላ ጻፈች። ልጅቷን አልወቅስም፤ ዝናቡ ነው እንበል። ዝናቡ ግን ሦስት ማክሰኞ ሙሉ አልዘነበም።

ይኸውም ግንቦት 1፣ ግንቦት 8 እና ግንቦት 15 ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ቃሉ እንዲታረም አመልክቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ከስብሰባ ወጥቶ ስብሰባ ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያን ዕለት ቆሜ ስጠብቅ ከአዳራሹ መስኮት ሥር ባቄላ በቅሎ አየሁ። ድምፃችንን በመስኮት ደፍተውት ኖሯል፤ መሬቱ ከእነርሱ በተሻለ ተቀብሎታል። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው አስገባኝና «አባባ፣ ሰምተናልና ተስማምተናል ያው አይደል እንዴ? ምን ያጨቃጭቀናል?» አለኝ። እኔም «ልጄ፣ ባለቤቴ አርባ ስድስት ዓመት ስለፈልፍ ሰምታኛለች፤ አንድ ቀን ተስማምታ አታውቅም» አልኩት። ጸሐፊዎቹ ሳቁ፣ እርሱ አልሳቀም። ዕቅዱ ከላይ የወረደ ነው አለኝ። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ነው፣ እርሱም የሚያልፈው በእኛ ቦይ ነው ብዬው ወጣሁ።

አርብ ሰኔ 9 በሰፈሩ መግቢያ ላይ ሰሌዳ ተተከለ። በትልልቁ «የመግቢያ በር ግንባታ። እኛ ነዋሪዎች ተስማምተናል» ይላል። እኔ ለአርባ አንድ ዓመት ሰሌዳ ጽፌያለሁ። የዚህን ጣቢያ ሰሌዳ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ሃምሳ አለቃው ወጥቶ ማየት ይችላል። ንጹሕ ሰው ነኝ አልልም። ለአንድ ዳቦ ቤት «ሁልጊዜ ትኩስ» ብዬ ጽፌ፣ አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ሳልበላበት ተዘግቷል። ያ ግን የዳቦ ጋጋሪው ቃል ነው፣ እርሱ ይጠየቅበት። «እኛ» በሚለው ውስጥ ግን እኔ አለሁበት። እግሯ የቆሰለው ባለቤቴም አለችበት። ያልተናገርነውን በአፋችን አጎረሱን።

በዛሬው ዕለት ከረፋዱ 4፡30 ላይ ከአናጢው መሰላል ተውሼ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም፣ ሁለት ብሩሽና ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። የሄድኩት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የሚያሳፍር ሥራ ስላልሆነ። የግንባታው ዘበኛ «አባባ፣ ሊጽፉ ነው?» ሲለኝ «ላርም ነው» አልኩት። «እሰይ! ፊደሉ ሲያስጠላ!» ብሎ መሰላሉን ያዘልኝ። ዘበኛው ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ እንዳይጠየቅበት ይመዝገብልኝ። ከዚያም ተስማምተናል ከሚለው ቃል የፊተኞቹን ሦስት ፊደላት፣ ማለትም ተን፣ ስን እና ማን፣ በነጭ ሸፈንኩ። ነጩ ሲደርቅ በማ ቦታ ሰን ጻፍኩ። ሰሌዳውም «እኛ ነዋሪዎች ሰምተናል» የሚል ሆነ። ሌላ የነካሁት ነገር የለም። ወተት ሻጯ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችና «እንዲህ ነዋ! እኔ ያልኩት ይሄንን ነው!» አለች። ሰው ተሰበሰበ፣ ሳቅም ነበር፤ ሁከት ግን አልነበረም። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ኃላፊው ፖሊስ ይዞ መጣ። ውረድ ስባል ሁለተኛውን ቅብ ሳልጨርስ አልወርድም ብያለሁ፤ ይህንንም አልክድም። ጨርሼ ወርጃለሁ።

ጣቢያ ከደረስኩ በኋላ ኃላፊው በእርጅና ምክንያት የምሠራውን ሳላውቅ እንዳደረግሁት የሚገልጽ ጽሑፍ አቅርቦ፣ ከፈረምኩበት በምሕረት እንደምለቀቅ ነገረኝ። ልብስ ሰፊዋ ልጄም መጥታ «አባዬ፣ በሞቴ ፈርምና እንሂድ» አለችኝ። አልፈረምኩም። ማርጀቱን አርጅቻለሁ፣ አልካድኩም። ያረጀው ጉልበቴ እንጂ ፊደል የሚለየው ዓይኔ አይደለም። ምሕረቱ ይቅርብኝና ልከሰስ። ዓቃቤ ሕግ ክሱን ሲያቀርብ የሚያዝያ 22ን ቃለ ጉባኤ ይዞ ይቅረብ፤ 284 ሰዎች ምን እንዳልን በዳኛ ፊት እንናገራለን። በጀቱ ለበሩ ሳይወጣ ይህ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ክረምቱ እየገባ ነው፤ በሩ ቆሞ የባለቤቴ እግር ሊቆረጥ አይገባም።

ተባባሪ ነበረዎት ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ነበረኝ። ቀለሙን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የበጠበጠችልኝ ባለቤቴ ናት። ልጄ ስትመጣ «ስሜን ሳይጠራ ቢቀር ዋ!» ብላ ልካብኛለች። ስለዚህ በመዝገቡ ትካተትልኝ። ሊያመጧት የሚሄዱት ፖሊሶች ሁለት ይሁኑ። ወንበሩ በሩ አጠገብ አለ። ምሰሶው ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ያውልቁ፣ ከፊት የሚይዘው ወደ ታች አይመልከት።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ ሰጥቻለሁ። ሃምሳ አለቃው ከአናቱ እስከ ግርጌው አንብቦልኝ አንድም ያልተባለ እንዳልገባበት አረጋግጫለሁ። የተናገርኩት በሙሉ እውነት ነው።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ (ፈርመዋል)
ቃሉን የተቀበለው ሃምሳ አለቃ ፊርማ፦ (ፈርሟል)